አያ ጅቦና ጥም የማይቆርጠው ሐይቅ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ፊቱን ባዞረበት ዘመን፣ እመት አህያ ከነውርንጭላዋ በቆላ አገር ካለ ጨዋማ ሐይቅ ዳር ቀርታ ነበር። እግሯ ሲያነክስ ጨው ጫኞቹ ጥለዋት ሄዱ። ወተቷ ነጥፏል፤ ውርንጭላው ምላሱ ደርቆ መቆም አቅቶታል። የእናት አንጀት አይችልምና ወዲህ ትላለች፣ ወዲያ ትላለች፤ ሐይቁን ታያለች፣ ልጇን ታያለች።

«ከዚህ ትንሽ ባቀምሰውስ?» ብላ በዚያው ሐይቅ ዳር የምትኖረውን እመት ቀበሮን ጠየቀቻት።

«ተይ! ይሄ ውሃ ጨው የጠገበ ነው። ሆድ ሲገባ ሰውነት ውስጥ ያለውንም ውሃ ስቦ ያወጣል እንጂ ጥም አይቆርጥም። ሰዎቹ ጨው ሲያወጡ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ውሃውን ጉድጓድ ውስጥ ያቁሩታል፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስደዋለች፣ ጨዉ ይቀራል።»

«እንግዲህ ውሃው የሚሄደው ጨዉን ጥሎ ነው። ሲበርድ ተመልሶ ሣሩ ላይ ያርፋል። ጎህ ሲቀድ ጤዛውን ትልሳላችሁ። እስከዚያ ታገሺ።»

ታገሺ ማለት ለቀበሮ ቀላል ነው፤ ልጁ የሷ አይደለም።

ይህን ሲባባሉ አያ ጅቦ ከደጋ ጀምሮ የአህያዋን ኮቴ ተከትሎ ከች አለ። ጉሮሮው በጥም ደርቋል፤ ዓይኑ ግን ውርንጭላው ላይ ነው።

«እናትም ልጅም! ዛሬስ ቀንቶኛል!»

አህያዋ ልጇን ከለለች። ቀበሮ ግን እጅ ነሳች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አያ ጅቦ! ብቻ በዚህ ደረቅ ጉሮሮ ሥጋው ቢያንቅዎትስ? አንካሳና ሕፃን የት ይሸሻሉ? መጀመሪያ ጥምዎን ይቁረጡ፤ ውሃው እንደሆነ ሞልቷል።»

«እውነትሽን ነው! ሐይቁን ግን ለማንም አላካፍልም!»

«ማን ነክቶብዎት!»

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። አያ ጅቦ ጠጣ፤ ጥሙ ባሰ። «ገና ስላልጠገብኩ ነው» ብሎ ደገመ። ሆዱ ተነፋ፣ አፉ ነደደ። «ማዶ ያለው ሳይጣፍጥ አይቀርም!» ብሎ ወደ ማዶ ሮጠ፤ ጠጣ፣ አስመለሰው፣ እንደገና ጠጣ። ወዲያው ደግሞ ወደ ነበረበት ተመለሰ። እንዲህ ሲንቆራጠጥ ነጋ።

ሣሩ በጤዛ ረጥቦ ነበር። ውርንጭላው ላሰ፣ ላሰ፣ ከዚያ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ተነሣ። እናቱ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች። አያ ጅቦን ዳር ላይ ተዘርሮ ብታየው ደግሞ አሳዘናት። መቼም አህያ የዋህ ናት።

«አያ ጅቦ፣ ከሣሩ ላይ ይላሱ፤ ጤዛው ጨው የለበትም» አለችው።

አያ ጅቦ በግድ ቀና አለ። «ሐይቅ ያለው ጠብታ ይልሳል እንዴ?» ብሎ አፍንጫውን ውሃው ውስጥ ነከረ። ከዚያ በኋላ አላነሣውም።

ከዚህ የምንማረው፣ ስግብግብ ብዛቱን አይቶ በያዘው ነገር እንደሚጠፋ፣ ሕይወትን የሚያቆያት ግን ጥቂትም ቢሆን ንጹሑ መሆኑን ነው።