ሰባተኛዋ ቤት

በአንድ ወቅት ቤት ካጣው ይልቅ ቤት አዳዩ የተጨነቀበት ጊዜ ነበር፤ የሰማሁትን እነግራችኋለሁ፣ ፍርዱ ግን የእናንተ ነው።

ወሎ ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ መንክር የሚባል ሰው በማዘጋጃ ቤት የቤቶች ክፍል ኃላፊ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲደጋግም ኖሯል፤ «በጀት አልተለቀቀም።» ጠዋት ለመጣው ይላታል፣ ከሰዓት ለመጣው ይላታል። አንድ ቀን ሚስቱ «ዘይት አልቋል» ብትለው እንኳ አፉ አምልጦት «በጀት አልተለቀቀም» ብሏት ሁለት ቀን ተኮራርፈዋል።

በዚያች ከተማ አብዛኛው ሰው ተከራይ ነው። አከራይ ኪራይ ጨመርኩ ባለ ቁጥር አንድ ቤተሰብ ፍራሹን ተሸክሞ ይወጣል። ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ ይጠጋል፤ የሌለው መናኸሪያው አጥር ሥር ሸራ ይወጥራል። መንክር ሁሉንም ይመዘግባል። መዝገቡ ሲሞላ ሌላ መዝገብ ይከፍታል። ከመመዝገብ ያለፈ ሥልጣን አልነበረውም፤ ይኸም ከውስጥ ሲያበግነው ኖሯል።

ከተመዝጋቢዎቹ አንዷ ዘነቡ ነበረች፤ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት ሴት። አራት ዓመት ሙሉ ቢሮው ስትመላለስ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ሰማች። አንድ ቀን ግን ከበሩ ተመልሳ፣

«በጀቱን የሚለቀው ማነው?» አለችው።

«ክልል።»

«ክልል ሰው ነው ቦታ?»

መንክር ትከሻውን ሰበቀ። «እኔም አግኝቼው አላውቅም።»

«እንግዲያው እኔ አገኘዋለሁ» አለች።

ቤት ለቤት ዞራ የሁለት መቶ ተከራይ ፊርማና የጣት አሻራ ሰበሰበች፤ አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ክልሉ ቢሮ ሄደች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው አሏት። ተመልሳ ብትሄድ መስክ ወጥቷል አሏት። ለሦስተኛ ጊዜ ብትሄድ ተቀይሯል አሏት። አዲሱ ሹም የድሮውን ፋይል አላገኘሁትም ቢላት፣ ፊርማውን እንደገና አሰባስባ ፊቱ አስቀመጠችለት። እንዲህ እያለች ዐሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሰች። በመጨረሻው ጊዜ በሩ ላይ ተዘርፍጣ ተቀመጠችና «ወይ በጀቱን ልቀቁ፣ ወይ እኔን አንሡ» አለች። በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፤ ጎዳና ሊወጡ ለተቃረቡ ቤተሰቦች በመንግሥት ወጪ ሰባት ቤቶች እንዲሠሩ ተፈቅዷል። መንክር ተሳስተው የላኩት መስሎት ሦስት ጊዜ አነበበው። ዘነቡ ግን ከመንገዷ ስትመለስ አከራይዋ ክፍሏን ለሌላ ሰው ሰጥቶት፣ ዕቃዋ በገመድ ታስሮ በረንዳ ላይ ቆያት። ከዚያ ወዲህ ማደሪያዋ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያለ የመቃብር ቤት ሆነ።

የቤቶቹ ሥራ ተጀመረ። ከግንበኞቹ አንዱ ይማም ነበር፤ ዝምተኛ ሰው፣ ከሚስቱ ከዘሃራና ከአራስ ልጁ ጋር ከተማው ዳር ያለ ፈቃድ በተሠራች የጨረቃ ቤት የሚኖር። ሥራ ተቋራጩ ስድስቱን ቤቶች ከጨረሰ በኋላ ሲሚንቶ ተወደደብኝ ብሎ ጠፋ። ሰባተኛዋ ግድግዳዋ ቆሞ ጣሪያ ሳትለብስ ቀረች። መንክር ጻፈ፤ «አዲስ ጨረታ ይውጣ» የሚል መልስ መጣ። ጨረታው መቼ እንደሚፈቀድ ቢጠይቅ «በደንቡ መሠረት» አሉት። ደንቡን ከዳር እስከ ዳር አነበበው፤ ስለ ጊዜ አንዲት ቃል የለበትም። ሰኔ ደግሞ ጨረታ አይጠብቅም። የቤቷ ግድግዳ የጭቃ ብሎኬት ነው፤ ሁለት ብርቱ ዝናብ ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ዝናብ የጣለ ዕለት ይማም ወደ ጨረቃ ቤቱ ሄደ፤ ሚስቱንና ልጁን ጎረቤት አስጠለለ፤ የራሱን ጣሪያ ቆርቆሮ አንድ በአንድ ነቅሎ በጋሪ ጫነና ሰባተኛዋን ቤት አለበሳት። መንክር በማግስቱ ደርሶ ቤቷን ጣሪያ ለብሳ ሲያያት አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም» አለ ይማም። «እጄ የሠራውን ግድግዳ ዝናብ ሲያጥበው ቆሜ ማየት አልቻልኩም።»

«ቤቷን ይሰጡኛል ብለህ አይደለም?»

ይማም መዳፉን በሱሪው ጠረገ። «አላሰብኩትም አልልም» አለ። የእሱ ቤት ያለ ክዳን ቀርታ በዝናቡ ተደረመሰች፤ ከነቤተሰቡ ሸራ ውስጥ ገባ።

ስድስቱ ቤቶች በዕጣ ተሰጡ፤ የዘነቡ ዕጣ ግን አልወጣም። ሰባተኛዋ ግን ጣሪያዋ በጨረታ ስላልተሠራ በወረቀት ጣሪያ የላትም፤ ጣሪያ የሌላት ቤት ደግሞ ለሰው አትሰጥም። መንክር ጣሪያውን ፎቶ አንሥቶ ላከ። መልስ የለም። ደግሞ ላከ። በምትኩ ሌላ ሰርኩላር መጣ፤ እስከ ሰኔ ሠላሳ ነዋሪ ያልገባበት ማንኛውም ቤት ለሌላ መሥሪያ ቤት ተላልፎ ለአሮጌ የቢሮ ዕቃ ማከማቻ ይሁን። መንክር እስክሪብቶውን ከግድግዳው ጋር አላተመው። «ሰው ሸራ ሥር እያደረ፣ እናንተ ለተሰባበረ ወንበር ጣሪያ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ጮኸ፤ የሰማው ግን የጎረቤት ክፍል ጸሐፊ ብቻ ነበረች።

ወለላ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት። ከሁለት ልጆቿና ወገቧ ተሰብሮ ከማትነሣ እናቷ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። ሰኔ ሃያ ስምንት ቀን አከራይዋ ልጄን ልድር ነው ብሎ አስወጣት። በዝናብ እናቷን በቃሬዛ አስይዛ፣ ልጆቿን ከኋላ አስከትላ ቀጥታ መንክር ቢሮ መጣች።

«ያቺ ቤት ባዶ ናት?»

«ባዶ ናት፤ ግን ወረቀቷ አልመጣም።»

«ጣሪያ አላት?»

«በወረቀት የላትም።»

«እኔ እናቴን የማስተኛት ወረቀት ሥር አይደለም!» አለችና ወጣች። ቁልፉን በድንጋይ ሰብራ ገባች።

በሁለተኛው ቀን የተሰባበረ ወንበር የጫነ መኪና መጣ። ወለላ በሩ ላይ ተገትራ «ከነእናቴ ላያችን ላይ ጫኑት እንጂ ከዚህ አንወጣም» አለች። ጫኞቹ ውስጥ የተኛችውን አሮጊት አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። አብሮ የመጣው ተቆጣጣሪም ቅጹ ላይ «ነዋሪ አለበት» ብሎ ጽፎ ፈረመ። በዚያች ፊርማ ቤቷ ከመጋዘንነት ተረፈች።

ከሳምንት በኋላ ስለ ጣሪያዋ ዝም ያለው ክልል ተናገረ። «ቤቷ ለአንድ ተገቢ አባወራ ወይም እማወራ ተሰጥታ ስሙ በአምስት ቀን ይላክ።» መንክር ስልክ ደወለ።

«ተገቢ ማለት ምን ማለት ነው?»

«በደንቡ መሠረት ነዋ።»

«ደንቡ አይናገርም ጌታዬ! ሦስት ሰዎች አሉኝ። ሁለት ቤት ብትጨምሩልኝ…»

«ለሚመጣው ዓመት ዕቅድ ያስገቡ» አሉትና ዘጉት።

መንክር ሦስቱንም ቤቷ በር ላይ ጠራቸው። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ አንድ ላይ ኑሩባት ማለት ነበር። ቤቷ ግን አንድ ክፍል ናት፤ የሦስት ቤተሰብ አልጋ አትችልም፤ ደንቡም በዚህ በዚህ እንኳ አፍ አለው፣ ከአንድ ቤተሰብ በላይ ይከለክላል።

ዘነቡ ተናገረች። «ፊርማ ስሰበስብ ለራሴ ብቻ አልነበረም። ስድስት ሰው በእኔ እግር ቤት ገብቷል፤ አልተመቀኘሁም። ግን እኔ ሙታን መካከል እያደርኩ ነው። ዐሥራ አንድ ጊዜ የሄደ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አይገባም?»

ይማም ወደ ጣሪያው ቀና አለ። «ያ የዝገት መስመር ያለበት ቆርቆሮ ይታያችኋል? ሚስቴ በወለደችበት ዕለት ከበላይዋ የነበረ ነው። ቤቷ የሌላ ከሆነች ጣሪያዬን ልንቀል? እሱንም አላደርገውም። ግን ንገሩኝ፣ አራሷን የት ላግባ?»

ወለላ በሩን ደገፍ ብላ ቆማ ነበር። «እኔ አልለፋሁም፤ እውነት ነው። በእነሱ ልፋት ነው የገባሁት፤ ባያቸው አፍራለሁ። ግን እናቴን ዛሬ ከዚህ ካነሣኋት ነገ የምቀብራት ነኝ። ማነው መጥቶ የሚያነሣት? ማነው?»

ከውስጥ የአሮጊቷ ድምፅ «ወለላ፣ ሰዎቹን ቁጭ በሉ በያቸው» አለ። ማንም አልተቀመጠም።

ነገሩ ከተማውን ለሁለት ሳይሆን ለሦስት ከፈለ። የዕድሩ ዳኛ «ምንጭ ቆፍሮ ያወጣ ይጠጣ» ብለው ለዘነቡ ፈረዱ። ወፍጮ ቤቱ ሰው «የራሱን አፍርሶ የሰውን የሠራ ሰው ሜዳ ከወደቀ ከእንግዲህ ማን በጎ ይሠራል?» ብሎ ከይማም ቆመ። የሆቴሉ አጣቢዎች «ቤት ለደመወዝ አይደለም፣ ለችግር ነው፤ ደብዳቤውም የሚለው ጎዳና ሊወጡ ለተቃረቡ ነው» ብለው ከወለላ ጋር ሆኑ። «ታዲያ ቁልፍ የሰበረ ቤት ካገኘ ነገ ስንቱ ድንጋይ ያነሣል?» የሚልም ነበር። መንክር በሄደበት ሁሉ እየያዙ ይከራከሩታል፤ ሥጋ ቤት ወረፋ ላይ ሳይቀር። «እኔን አትከራከሩኝ! ሦስት ሰው ለአንዲት ክፍል ያፋጁትን ሂዱና ተከራከሩ!» ይላል፤ ቢሆንም ክልል የት እንዳለ ከዘነቡ በቀር የሚያውቅ የለም።

አምስተኛው ቀን ደረሰ። መንክር ለክልል የሚላከውን ቅጽ ፊቱ አድርጎ ተቀመጠ። የአንድ ሰው ስም ብቻ የምትይዝ ባዶ መስመር አለች። ሦስቱም ኮሪደሩ ላይ በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ዘነቡ ለወለላ ልጆች ቆሎ ዘግና እየሰጠች፣ ይማም አጎንብሶ መዳፉን እያየ። የፖስታ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ጡሩምባ እየነፋ ነው። ስም ካልተላከ ቤቷ መጋዘን ትሆናለች።

ዘነቡ ባትመላለስ ቤቷ አትጀመርም። ይማም ጣሪያውን ባይነቅል ፈርሳ ጭቃ ነበረች። ወለላ ቁልፉን ባትሰብር ዛሬ አሮጌ ወንበር ይተኛባት ነበር።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ በመንክር ቦታ ብትሆኑ በዚያች መስመር ላይ የማንን ስም ትጽፋላችሁ?