የዝንጀሮ ቆዳና ሁለት ውሾች

ትርንጎ ሕፃን ልጇን ታቅፋ የኔታ ጥሩነህ ዘንድ መጣች። «የኔታ፣ ልጄን የልምሻ ክትባት አስወጋሁት። ጤነኛ ሆኖ ሄዶ አተኩሶት ተመለሰ፤ ጭኑም አበጠ። ዛሬ ደህና ነው። አባቱ ግን ‹ጤነኛ ልጅ ወስደሽ አሳመምሽው፤ ሁለተኛ እንዳትሄጂ› ይለኛል። እውነቱን ይሆን እንዴ?» አለቻቸው።

የኔታም እንዲህ አሉ፦

«አንድ ገበሬ ነበረ። ከደጋ ወርዶ ገደል አፋፍ ላይ ማሽላ ዘራ። ሁለት ውሾች ነበሩት፤ ጅብ ያባርራሉ፣ ዝንጀሮ ግን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ገደሉ ደግሞ የዝንጀሮ አገር ነው።

ጎረቤቱ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ይህን አዩና የሞተ ዝንጀሮ ቆዳ በገመድ አስረው መጡ። በማሽላው ዳር ዳር እየጎተቱት ዞሩ። አንደኛው ውሻ አበደ! ቆዳውን ዘነጣጠለ፣ አገዳውን ደፈጠጠ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ፤ ራቱንም አልበላ። ሁለተኛው ረጋ ያለ ነበርና አሽትቶ አሽትቶ፣ ትንሽ አጉረምርሞ ተኛ። የገበሬው ሚስት ተናደደች። ‹ዝንጀሮው ሳይመጣ ማሽላችንን በገዛ ውሻችን አስጨረሱት!› አለች።

ሲነጋ ውሻው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጅራቱን እየቆላ ተነሣ።

ጥቂት ቆይተው ሽማግሌው ሌላ ቆዳ ይዘው መጡ። ገበሬው ዱላውን ይዞ መንገድ ላይ ቆመ።

‹አባቴ፣ ይብቃን። ባለፈው ውሻዬን ሊያሳብዱብኝ ነበር።›

‹ነከሰው እንዴ?› አሉ ሽማግሌው።

‹ቆዳ ምን ጥርስ አለው?›

‹ታዲያ የጮኸው ተጎድቶ አይደለም፤ ጠላቱን እየለየ ነው። አንዴ ያሸተተውን ሊረሳው ይችላል። ደጋግሞ ያሸተተውን ግን አይረሳም።›

ገበሬው ገደሉን አየ፤ ማሽላውን አየ። ዱላውን ጣለና ገመዱን ከእጃቸው ተቀብሎ፣ ቆዳውን ራሱ እየጎተተ ዞረ።

ማሽላው ሲያሽት መንጋው ከገደሉ ወጣ። አንድ አገዳ ሳይነካ ሁለቱም ውሾች አፋፉ ላይ ጠበቁት፤ ያን ቀን የጮኸውም፣ ዝም ያለውም እኩል። መንጋው እየተንጫጫ ቁልቁል ተመለሰ። ያቺ የተናደደች ሚስት እስኪያማት ሳቀች፤ እሸቱንም ለሽማግሌው ራሷ ተሸክማ ወሰደችላቸው።»

የኔታ ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ልጄ፣ ክትባቱ ያ ቆዳ ነው። በሽታውን ለደሙ ያስተዋውቀዋል እንጂ አይነክሰውም። ትኩሳቱም እንደ ውሻው ጩኸት ነው፤ የልጅሽ ደም ጠላቱን እየተማረ ነው። ሳያተኩሰው የሚማርም ልጅ አለ፣ በዚያም አትስጊ። ትኩሳቱ ቢጠናበት ወይም አልበርድ ቢል ጤና ጣቢያ ታሳዪዋለሽ። ባልሽን ግን ‹የኔታ መንገድ ላይ ዱላ ይዘህ አትቁም ብለዋል› በይው። በቀጠሮው ቀን አብሮሽ ይሂድና ልጁን ራሱ ይታቀፈው።»