ቀን መብራት ምን ያደርጋል?

አንዲት ትንሽ ከተማ ወፍጮዋን በአንድ ቃል ምክንያት አጣች። ሌባ አልወሰደውም፤ እሳትም አልበላውም። ከተማዋ ተጠይቃ፣ መልሳና አጨብጭባ ነው ያጣችው። እዚያ ነው ያደግሁት።

ከተማዋ ኃይል የምታገኘው ወንዝ ላይ ከተተከለ ማመንጫ ነበር። ማመንጫው ለብዙ ዘመን ቀንም ማታም ሠራ። ኋላ ግን ከወንዙ ራስጌ ያሉ ገበሬዎች ቀን ቀን ውሃውን ወደ መስኖ መጥለፍ ስለጀመሩ አቅም አነሰው። የኃይል ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አጥናፉ የሚባል ሰው ነበር። ሰነፍ አልነበረም፤ ክፉም አልነበረም። ነገሩን አጥንቶ፣ ኃይል ማታ ማታ ብቻ መስጠት እንደሚቀለው ወሰነ።

ሰዓቱን ለመለወጥ ግን የኃይል ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው ጉባኤ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጉባኤው ደግሞ ደንበኞች ያልተጠየቁበትን ማመልከቻ አይቀበልም። ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻውን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ሕዝቡን ለስብሰባ ጠራ።

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። ብዙው ሰው እህሉን በማዳበሪያ ሞልቶ ወይዘሮ ዘርፌ ወፍጮ ቤት ወረፋ አስይዞ ነበር፤ ተራው እስኪደርስ ወደ አዳራሹ ገባ። ባለወፍጮዋ ወይዘሮ ዘርፌ ግን አልመጡም። ወፍጮው እየሠራ ትተውት የት ይሄዳሉ?

ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ፣ "ወገኖቼ፣ መብራት በቀን ይሻላችኋል ወይስ በማታ?" አለ።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ልጄ፣ ቀን መብራት ምን ያደርግልናል? ፀሐይዋን ልናይባት ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። "ማታ! ማታ!" ተባለ፤ ተጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁም አብሮ ሳቀ። ማመልከቻው ግርጌ ላይ "ደንበኞች በሙሉ ድምፅ ደግፈዋል" የሚል ጨመረበት። ውሸት አልጻፈም። ሕዝቡም ወጥቶ ዱቄቱን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

በእኛ አፍ አምፖሉም መብራት ነው፤ በሽቦው የሚመጣው ኃይልም መብራት ነው። የተጠየቀው ስለ ኃይሉ ነበር። የመለሰው ሰው ያሰበው አምፖሉን ነው።

ጉባኤው ፈቀደ። በቀጣዩ የገበያ ቀን ወፍጮው ዝም አለ፤ የማዳበሪያው ሰልፍ በሩ ላይ ተገተረ። ወይዘሮ ዘርፌ ዱቄት የለበሰ ነጠላቸውን እንኳ ሳያራግፉ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄዱ።

"አቶ አጥናፉ፣ ወፍጮዬን ማን ነው ያቆመው?"

"ሕዝቡ ነው፣ እትዬ ዘርፌ። እኔ ጠየቅሁ፤ እነሱ መረጡ።"

"ምን ብለው ጠየቋቸው?"

"መብራት በቀን ይሻላል በማታ ብዬ።"

"መብራት? ወፍጮዬን ፋኖስ አደረጉት እንዴ?"

"ማታ መፍጨት ይቻላል እኮ።"

"ከገጠር እህል ተሸክማ የመጣች ሴት፣ ዱቄቷን ይዛ በጅብ መሀል ትመለስ? ወይስ እርስዎ ይሸኙልኛል?"

ወይዘሮ ዘርፌ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሰዉ ቀን ይሻለናል ብሎ ቢሆን ኖሮ ማመልከቻዎን ይለውጡት ነበር?"

"ጽፌ ጨርሼ ነበር" አለ።

"እንግዲያው አስጨበጨቧቸው እንጂ አልጠየቋቸውም።"

ሊቆጣ ይችል ነበር። አልተቆጣም። ለጉባኤው ጽፎ፣ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ለመነ። ከዚያ አዳራሹን ትቶ ሰው ወደሚሠራበት ሄደ። ስለ መብራት መጠየቁንም ተወ። "ኃይል ሲቋረጥ ምን ይቆምባችኋል?" ይል ጀመር።

አሁን ሳቅ አልነበረም፤ ጠብ ነበር። ልብስ ሰፊው ጠዋቱን ፈለገ፤ አናጺው ከሰዓት በኋላውን።

"አንተማ መኪናህን በእግርህ እየረገጥክ ትሰፋለህ" አለ አናጺው።

"አንተስ መጋዝ ጠፋብህ? ክንድህን ለምን ፈጠረልህ?"

እናቶች የልጆቻችንን የጥናት ሰዓት አትንኩብን አሉ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክትባት የሚቀመጥበትን ማቀዝቀዣ ከፍታ አሳየችው። ሥራ አስኪያጁ ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ወደ ወንዙ ራስጌም ወጣ። ከገበሬዎቹ ጋር እስከዚያ ቀን ተነጋግሮ አያውቅም ነበር።

"ታች ያለ ሰው ውሃውን እንደሚፈልገው ማን ነገረን?" አሉት። በገበያ ቀንና በዋዜማው ውሃውን ሊለቁለት ተስማሙ። ገበያ እነሱም ይወጣሉና።

አዲሱ ማመልከቻ ጠቡንም ስምምነቱንም እንዳለ ያዘ። ማን ምን እንዳጣ፣ ማን እስከ መጨረሻው እንዳልተስማማ ተጻፈበት። "በሙሉ ድምፅ" የሚል ቃል አልነበረውም። ጉባኤው መርምሮ ፈቀደ።

ግን ወረቀት ሄዶ እስኪመለስ በጋው አለቀ። ወይዘሮ ዘርፌ የሚያስተዳድሩት ቤተሰብ ነበራቸው። የቻሉትን ያህል ጠበቁ፤ ከዚያ ወፍጮውን አስነቅለው በጭነት መኪና ወደ ሌላ ከተማ ወሰዱት። የገበያ ቀን የቀኑ ኃይል ተመልሶ ሲመጣ ወፍጮ ቤቱ ባዶ ነበር። እናቴ ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመለሰች። እጇ ምን እንደመሰለ አልጽፍም።

ምሳሌው ለሚወስንም ለሚወሰንበትም ነው። መልሱ ሐሳብህን ሊያስለውጥህ ካልቻለ፣ ጥያቄህ ጥያቄ አይደለም። ሰውን በአንተ ቃል ሳይሆን በኑሮው ጠይቀው፤ ስብሰባው ላይ ያልመጣውንም ለምን እንዳልመጣ እወቅ። አንተም ስትጠየቅ፣ ከመሳቅህና ከማጨብጨብህ በፊት ስለምን እንደተጠየቅህ ጠይቅ። ዘግይቶ የታረመ ስሕተት ከማይታረም ይሻላል፤ ቢሆንም የዘገየው ጊዜ የአንድ ሰው እንጀራ ነው።

ባለፈው ሐሳብህን ስትጠየቅ የመለስከው ለየትኛው ጥያቄ ነበር?

ሥራ አስኪያጁ ከጊዜ በኋላ ተዛወረ። ወይዘሮ ዘርፌ አልተመለሱም። እዚያው የቀረነው እኛ ደንበኞቹ ነን።