እውነት ሆኖ የተገኘው ውሸት

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህር ልሳነወርቅ፣ አንዳርጌ ጥያቄውን ሲጨርስ። አንዳርጌ የጠየቃቸው ይህን ነው፦ «ኩላሊት ለሚያስፈልጋት እህቴ፣ ሳልመረመር ‹የእኔ አይስማማም አሉኝ› ብያታለሁ። ብመረመርም ላይስማማ ይችላል። እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ ያው ውሸት ነው?»

አንድ ሰው ነበረ። አናጢ ነው፤ ሚስትና ልጆች አሉት። ታናሽ ወንድሙ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቆሙበትና በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን በመሣሪያ እያሳጠበ መኖር ጀመረ። ሐኪሞቹ «ከቤተ ዘመድ አንድ ኩላሊት የሚሰጥህ ብታገኝ ከዚህ ትገላገላለህ» አሉት። ታናሽየው ታላቁን ለመነው። ታላቅየውም «እሺ፣ እመረመራለሁ» አለ።

በቀጠሮው ቀን እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄደ። ግን አልገባም። ሆዱ ሲቀደድ ታየው፤ ልጆቹን አሰበ፤ ፈራ። አጥሩ ሥር ጥቂት ቆሞ ተመለሰና ለወንድሙ «የእኔ አይሆንም አሉኝ» አለው።

ወንድሙ አልጠረጠረም። እንዲያውም ለታላቁ አዘነ። ለሚጠይቀው ሰው ሁሉ «ወንድሜስ ሊሰጠኝ ነበር፤ አልሆን ብሎት ነው እንጂ» ይል ነበር። ታላቅየው ይህን በሰማ ቁጥር ሰበብ ፈጥሮ ተነሥቶ ይሄድ ጀመር። አራት ወር እንዲህ ኖረ። በመጨረሻ ለማንም ሳይናገር ሆስፒታሉ ሄደና ገባ። በዚህ ጊዜ ቆርጧል፤ የሄደው ሊሰጥ ነው።

ሐኪሟ የምርመራውን ውጤት አይታ «አይቻልም» አለችው። «ከተወለድክ ጀምሮ ያለህ አንድ ኩላሊት ብቻ ነው። ሳያውቀው የሚኖር ሰው አለ። ካንተ የሚወሰድ የለም።»

ሰውየው ከዚያ ሲወጣ ደስ ይበለው ወይስ ይዘን አላወቀም። ከለከልኩ እንዳይል፣ የሚከለክለው ነገር አልነበረውም። ሰጠሁ እንዳይል፣ የሰጠው የለም። ታክሲ ተሳፈረ፤ የማያውቀው ሰፈር ከደረሰ በኋላ ነው የተሳሳተ ታክሲ መያዙን ያየው።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። እሱ ግን ወንድሙ ቤት ሄደ።

«ያኔ አልተመረመርኩም» አለው። «በሩ ላይ ደርሼ ነው የተመለስኩት። የተመረመርኩት ዛሬ ነው።»

ታናሽየው «ዛሬስ ምን አሉህ?» አለው።

«ያለህ አንድ ብቻ ነው አሉኝ።»

«ታዲያ ያው አይደለም እንዴ? ለምን ነገርከኝ?»

«እንጃ። እኔም ግራ ገብቶኛል።»

«አራት ወር ሙሉ ላንተ ሳዝን ነበር» አለ ታናሽየው። «አሁን ሂድልኝ።»

ሄደ። ሁለት ሳምንት አልተገናኙም። ከዚያ ታናሽየው ደወለ። «ከእጥበት ስወጣ ያዞረኛል፤ ደግፎ ቤት የሚያደርሰኝ ሰው የለም» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ታላቅየው ሄደ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልቀረም። በዓመቱ እህታቸው ተመርምራ ኩላሊቷ ተስማማና ሰጠችው፤ እሷም እሱም ደህና ናቸው። ያንን ውሸት ግን ወንድማማቾቹ ዳግም አላነሱም። ይቅር ተባብለው እንደሆነ እኔም አላውቅም።

መምህር ልሳነወርቅ ወደ አንዳርጌ ዞሩ።

«አንተም እንደዚያ ሰው ነህ፣ ልጄ። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመህ፣ ውስጥ ገብቼ ነበር ትላለህ። ምናልባት እንዳልከው አይስማማም ይሆናል። ስጣት አልልህም፤ አካልህ ነው፣ መፍራትም የሰው ነው። እምቢ ማለት ትችላለህ። ግን እምቢ ያልከው አንተ ሆነህ ሳለ፣ እምቢታውን በሐኪም አፍ አደረግኸው። እህትህ ዛሬ የምታዝነው ለሌላ ሰው ነው፤ ሊሰጣት ፈልጎ ላልቻለ ወንድም። እንዲህ ያለ ወንድም ደግሞ እስከ አሁን የለም። ሂድና የፈራኸው አንተ መሆንህን ንገራት። ስትሰማው ምን እንደምትልህ፣ ከዚያ በኋላም አንተ ምን እንደምታደርግ፣ እኔ ላውቅልህ አልችልም።»