ስምንተኛው እጅ

አንዲት ልጅ ነበረች፣ አልጋዋ ከበሩ ጥግ። ስሟን አልነግራችሁም። በሕይወት አለች፤ ከዚህ ከተማም ሩቅ አይደለችም። ስሟ የራሷ ነው። ታሪኩ ግን የእኔም ስለሆነ እናገረዋለሁ።

ልጅቷ የነበረችው በአንድ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ የእናቶች ማቆያ በሚባለው ቤት ነው። ከሩቅ ቀበሌ ያሉ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲቀርብ መጥተው ምጣቸውን የሚጠብቁበት ቤት ነው። ስምንት አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ ከጀርባው ማድቤት። ማድቤቱ የእኔ ነበር። እዚያ ምግብ አብሳይ ነበርኩ።

ያቺ ልጅ የመጣች ቀን ሲስተር፣ አዋላጇን ማለቴ ነው፣ ሆዷን ዳሰሰችና እኔ እየሰማሁ እንዲህ አለቻት። «ልጁ በአግድም ነው የተኛው። እንዲህ ሆኖ በራሱ አይወለድም። ምጥ ሲጀምርሽ፣ ገና ሲጀምርሽ፣ በአምቡላንስ ሆስፒታል ሄደሽ በኦፕራሲዮን ነው የምትገላገዪው። ከዚህ ግቢ እግርሽ እንዳይወጣ።»

ልጅቷም «እሺ» አለች።

ይህን ያዙልኝ። ከግቢው መውጣት ለእሷ የሞት ጉዳይ ነበር። እሷም ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። ስምንቱም አልጋ ያውቃል።

ባሏን ስንጠይቃት «ሾፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነው» አለች። እኛም የሾፌር ሚስት ብለን ጠራናት። ስልክ የላትም። የሚጠይቃት ሰው አይመጣም። አንድ ሳምንት እንዲህ፣ ሁለተኛው ሳምንትም እንዲህ። ይህን አየን? አየን። አሰብንበት? አላሰብንበትም። ለምን ብትሉኝ፣ እኛ መጽሐፍ ላይ ነበርን።

አዎ፣ መጽሐፍ። ባለፈው ማክሰኞ ከጸሎት በኋላ እዚሁ አዳራሽ በር ላይ ቆማችሁ ስለ ፍቅር ልብ ወለድ ስትከራከሩ ሰምቻችኋለሁ። አንዷ ኃጢአት ነው ትላለች። አንዷ ትዳሬን ያዳነልኝ እሱ ነው ትላለች። «አንቺስ ምን ትያለሽ ደብሬ?» አላችሁኝ። መልሴ ዛሬ ነው። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። የትኛው መጽሐፍ ይነበብ፣ የትኛው አይነበብ ብዬ አላስተምራችሁም። አንብበን ስንጨርስ ከአፋችን ስለሚወጣው ነገር ግን የማውቀው አንድ ነገር አለኝ።

መጽሐፉን ያመጣችው ፋንቱ ነበረች፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሰች፣ መንታ ያረገዘች ሴት። ሽፋኑ የለም። በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተለብዷል። ርእሱን እስከ ዛሬ አላውቀውም። በስንት ሰው እጅ እንደዋለ እንጃ፣ ጠርዙ ወዝቷል። ከምሳ በኋላ ፋንቱ ትራሷን ደገፍ ብላ ታነባለች፣ ሌሎቹ ጋደም ብለው ይሰማሉ። እኔም የራት ሽንኩርቴን ይዤ እመጣና ደፉ ላይ ቁጭ እላለሁ።

ታሪኩ የአንዲት ማዕዶት የምትባል የነጋዴ ልጅ ነው። መንገድ ሊሠራ የመጣ መሐንዲስ ወደደች። ደብዳቤ ተጻጻፉ፣ ተቀጣጠሩ፣ ቃል ገባላት። መንገዱ አለቀ፣ ሰውየውም ሄደ። እሷ ለእሱ ብላ ከአባቷ ቤት እንደወጣች፣ አርግዛ ቀረች።

ይርገዱ የምትባል ነበረች፤ አራት ወልዳ አምስተኛዋን የያዘች፣ ከአፏ ማንም የማያመልጥ። ፋንቱ መሳሳሙ ጋ ስትደርስ «እሱን ዝለይው፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ይሰማል» ትላታለች። ፋንቱም ቀና ሳትል «ይስማ። እሱስ በፖስታ ነው የመጣው?» ትላለች። ያኔ ሳቅ ነው። ሆዳችሁን ያዙ እስክንባል እንስቃለን። የሾፌር ሚስትም ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

አያችሁ፣ መጽሐፉ ክፉ ነገር አላደረገብንም። ያን ማድረግ ለእኛ ቀረ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ዝናብ ነው፣ ልጅቷ ማድቤት መጣች።

«እትዬ ደብሬ፣ ስልክዎ ካርድ አለው?»

«አለው። ለሾፌሩ ነው?»

«አይ። ለአባቴ።» ጣቷን ስትጠመዝዝ ቆየችና «ሾፌር የለም» አለች። «አባቴ የት እንዳለሁ አያውቅም። እንዲህ መሆኔንም አያውቅም። ልንገረው ብዬ ነው።»

ወጡ እሳት ላይ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። ላቅፋት ይገባ ነበር። እኔ ግን ምን አልኳት? «ምሳ ላድርስና እሰጥሻለሁ።»

«እሺ፣ ከምሳ በኋላ» አለች። ደስ አላት። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ያለ ፊት አላየሁባትም።

ምሳ በላን። ፋንቱ መጽሐፉን አነሳች። ማዕዶት ዘጠኝ ወር ሞልቷት፣ ሻንጣዋን ይዛ፣ የአባቷ ቤት የብረት በር ፊት ቆመች። እጇን አነሳች። ልታንኳኳ ነው። ፋንቱ ገጹን ገለበጠች።

ቀጣዩ ገጽ የለም። ከዚያ ወዲያ ተገንጥሏል።

ሁላችንም ጮህን። አንዷ ፋንቱን ደበቅሽው አለቻት። ፋንቱ መጽሐፉን አራገፈች፤ አልጋው ሥር ሁሉ ፈለገች። የለም። ያኔ ነው ይርገዱ ተነስታ የተቀመጠችው።

«በቃ እኛው እንጨርሰዋለን» አለች። «አባቷ ይክፈትላት ወይስ አይክፈትላት?»

«አይክፈትላት» አለች አንዷ። «ስትሄድ አስፈቅዳዋለች?»

«ከከፈተላት እኮ ታናናሾቿም ነገ ተከትለዋት ነው የሚወጡት» አለች ሌላዋ።

«እዚያው በር ላይ ትውለድ። ልጁን ያስገባና እሷን ያሰናብት» አለች ይርገዱ። «ልጁ ምን አጠፋ?»

ሳቅን። ፋንቱ «እጅ አውጡ፣ አይክፈትላት የምትሉ» አለች፤ የራሷንም እጅ አነሳች። ይርገዱ ሁለቱንም እጇን አንስታ አንዱን መልሳ አወረደች። ሁሉም አነሳ። እኔስ? እኔ ማማሰያዬን ይዤ ደፉ ላይ ቆሜ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የማውቀውን እያወቅሁ፣ ሳቁ ወስዶኝ፣ ማማሰያዬን አነሳሁ።

እህቶቼ፣ ማዕዶት ወረቀት ናት። ወረቀት ምን ይሰማዋል ብለን ነው። ግን እዚያ ቤት ውስጥ የምትሰማው ወረቀቷ ነበረች?

ይርገዱ ዞር ብላ «የሾፌር ሚስት፣ አንቺስ እጅሽ የታለ?» አለቻት።

ልጅቷ እጇን አላነሳችም። «እኔ ባታንኳኳ ይሻላታል እላለሁ» አለች።

«አያችሁ» አለች ይርገዱ፣ «ልጅቷም ከእኛ ናት።»

ከእኛ ናት አልን። ሰማን፣ ከእኛ ናት ብለን አለፍነው።

ሳህን አጥቤ ጨረስኩና ስልኩን ይዤላት ሄድኩ። «ይቅር፣ እትዬ ደብሬ፣ ሌላ ቀን» አለችኝ። «እንደፈለግሽ» ብዬ ተመለስኩ። ይኸው ነው ያልኳት። እንደፈለግሽ።

አሥር ሰዓት ላይ አጥሚት ይዤ ስገባ አልጋዋ ባዶ ነው። ብርድ ልብሱ ተጣጥፏል። «ሽንት ቤት ትሆናለች» አለች ይርገዱ። ሄድኩ፣ የለችም። ዘበኛውን ጠየቅሁት። «አንዲት ልጅ ነጠላ ተከናንባ ወጣች። መድኃኒት ልገዛ ነው አለችኝ። ከወጣች ቆይታለች እኮ» አለ።

ሲስተር ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ደወለችለት፤ መመለሻው ገና ነው። እኔ ዣንጥላ አንስቼ ወጣሁ። ከኋላዬ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ይርገዱ ናት፣ በዚያ ሆዷ፣ በነጠላ ጫማ።

«ተመለሽ፣ መንገድ ላይ ትወልጃለሽ» አልኳት።

«ደብሬ፣ ባልየው ሾፌር አይደለም አይደል?»

«አይደለም።»

«ታውቂ ነበር?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

ክንዴን ያዘች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጭቃውን ተያይዘን ወረድን። መናኸሪያ ጠየቅን፣ አላየናትም አሉ። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ዞርን፣ የለችም። ወደ ድልድዩ የሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ወፍጮ ቤት አለ፤ በዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ተዘግቷል። ከበረንዳው ጥግ ዱቄት የነካው ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ቀሚሷ ከወገቧ በታች ርሷል። የዝናብ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል የዝናብ አይደለም። እንሽርት ውኃዋ ፈሷል።

«ልጄ፣ ተነሺ» አልኳት።

«አልነሳም።»

«ሲስተር ያለችሽን ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም።» ምጡ ያዛት፤ ጥርሷን ነከሰች፤ ለቀቃት። ከዚያ አየችኝ። «ቆጥሬያለሁ እኮ» አለች። «ስምንት እጅ ነው። ስምንተኛው የእርስዎ ማማሰያ ነው፣ እትዬ ደብሬ።»

«ያ ስለ መጽሐፉ ነው» አልኳት።

«እኔም ስለ መጽሐፉ ነው የሰማሁት» አለችኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላታላችሁ? ያን ጊዜ ይርገዱ ግድግዳውን ይዛ እያቃሰተች ወረደችና ጭቃው ላይ አጠገቧ ዘፍ አለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለቻት ልጅቷ።

«እዚሁ እወልዳለሁ» አለች ይርገዱ። «በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንቺ ውጭ ከሆንሽ እኔም ውጭ ነኝ። ደብሬ፣ ውኃ አሙቂ።»

ልጅቷ አየቻት። ሳቅ ይሁን ለቅሶ እንጃ፣ ከአፏ አንድ ነገር ወጣ። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ከዚያ እጇን ሰጠችን።

የወፍጮ ቤቱ ጎረቤቶች ቃሬዛ አምጥተው እስከ ጤና ጣቢያው ተሸከሟት። አምቡላንሱ ሲደርስ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቀን ነበር። የአምቡላንሱ በር ሊዘጋባት ሲል «የአባትሽን ቁጥር ንገሪኝ» አልኳት። በቃሏ አነበነበችልኝ፤ በምጥ መሃል አንድ ቁጥር አልሳተችም። ስንት ጊዜ በልቧ ደውላለት ይሆን?

ደወልኩ። አንድ ወፍራም ድምፅ አነሳ። ማን እንደሆንኩ፣ ልጁ የት እንዳለች፣ በምን ሁኔታ እንዳለች ነገርኩት። እኔም ተዘጋጀሁ። አሁን ይጮኻል፣ አሁን ይዘጋብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እጄን ያነሳሁት በእሱ ስም አልነበር?

«የትኛው ሆስፒታል?» አለኝ። ሌላ ነገር አላለም።

ማታውኑ ደረሰ። የመጣው በሰው ፒክአፕ ነው። ከኋላ የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤ፣ አዲስ ጋቢ፣ ለሕፃን የሚሆን ትንሽ ብርድ ልብስ ጭኗል። የልጅቷ እናት ናት ያሰረችው። እኔ አብሬያት ሄጄ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። «በሰላም ተገላገለች?» አለኝ ከሩቁ።

ልጅቷ ተርፋለች። ሕፃኑ አልተረፈም። ወንድ ነበር። ሐኪሙ ትንሽ ቀደም ብላ ብትደርስ ኖሮ ነው ያለው። እኔ ነኝ ለአያቱ የነገርኩት፣ ብርድ ልብሱን በብብቱ እንደያዘ።

ሰውየው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ እስከ ዛሬ ቆሜም ተኝቼም እሰማዋለሁ። «እህቴ፣ ለምን ቀድማ አልደወለችልኝም?»

ነገርኩት? አልነገርኩትም። ያን ቀን ድፍረቱ አልነበረኝም። ይኸው ዛሬ ለእናንተ እየነገርኩ ነው።

አያችሁት? በሩ ክፍት ነበር። የአባትየውን ልብ ሳናውቅ ስምንት ሆነን ዘጋንበት። የተገነጠለው ገጽ የእኛ አልነበረም። የእሱ ነበር። እኛ ጻፍንበት።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ማክሰኞ ዕለት በር ላይ ቆማችሁ ስለምታነቡት ልብ ወለድ ስትናገሩ አንዷ «ባሏን ጥላ የሄደች ሴት መጨረሻዋ ይኸው ነው» አለች። ሌላዋ «ደፍሮኛል ማለት ፋሽን ሆኗል» አለች። ሳቃችሁ። ስለ መጽሐፉ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከመካከላችሁ ያልሳቀችውን አያችሁ? እኔ አየኋት። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር።

ልጃችሁ ቴሌቪዥን ስታዩ አጠገባችሁ ትቀመጣለች። የልጃችሁ ሚስት ሳህን ስታነሳ ትሰማችኋለች። ሠራተኛችሁ ከማድቤት ትሰማለች። ድራማው ላይ ባለችው ሴት ስትፈርዱ፣ እነሱ የሚሰሙት ለራሳቸው የሚቆያቸውን ፍርድ ነው። ሊነግሯችሁ አንድ ነገር አፋቸው ላይ ነበር። ዋጡት። እናንተም ከእኛ ናት ብላችሁ አለፋችሁ።

አታንብቡ አላልኩም። አንብቡ። ተከራከሩም። ግን ባለታሪኳ በር ፊት ቆማ እጇን ስታነሳ፣ እናንተ እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩት። ማን ዝም እንዳለ እዩ። በሰማይ ያለው አባታችን እንኳ ያልዘጋውን በር እኛ በወሬ የምንዘጋው ማን ነን?

እና አንቺ፣ የምትቆጥሪው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለሽ አውቃለሁ። የት እንደተቀመጥሽ አላይም፣ ወደዚያም አልዞርም። ቁጥርሽ ላይ የእኔ እጅ ካለ አውጪው፤ አውርጄዋለሁ። ስልኬ ይኸው፣ ካርድ አለው። ከምሳ በኋላ አልልሽም። አሁን ነው።