የመከታ ቡችላ እና የጃርቷ እሾህ

አንድ ጊዜ በአንድ ጫካ ዳር መከታ የምትባል ውሻ ትኖር ነበር። በዚያ ክረምት አራት ቡችሎች ወልዳ ሦስቱን ብርድና ጎርፍ ወሰዱባት። የቀረላት ቡሬ ብቻ ነበር፤ ጆሮው ገና ያልቆመ፣ ሆዱ ክብ፣ የገዛ ጅራቱን ሲያሳድድ ዞሮበት የሚወድቅ ዝንጉርጉር ቡችላ። መከታ ከአጠገቧ አታርቀውም። ተኝቶ እንኳ ትንፋሹን ታዳምጣለች።

በዚያው ሰሞን ከወንዝ ማዶ ክፉ ወሬ መጣ። የእብደት በሽታ ገብቷል፤ የያዘው ሁሉ ያብዳል፣ ያበደው የነከሰውም አይተርፍም ተባለ። ንጉሡ አንበሳ አዋጅ አስነገረ፤ አዲስ የተወለደ ሁሉ ዋርካው ሥር መጥቶ ይከተብ አለ። የምትከትበው የጫካው መድኃኒተኛ እማማ ጃርት ነበረች። መድኃኒቱን በቅል ይዛ፣ ከጀርባዋ የነቀለችውን ቀጭን እሾህ እየነከረች የሕፃናቱን ትከሻ ወጋ ታደርጋለች። ያማል፤ ግን ወዲያው ያልፋል።

ጎረቤቷ አህያ ውርንጭላዋን አስከትላ በመከታ ደጅ ስታልፍ ቆም አለች።

«ተነሺ አብረን እንሂድ» አለቻት። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጃርት ዛሬ ካመለጠችን ወደ ሌላ ጫካ ተሻጋሪ ናት።»

መከታም ቡሬን ይዛ ተከተለቻት።

ዋርካው ሥር ሰልፉ ረዝሟል። አያ ጅቦ ያን ሁሉ ሕዝብ ከሩቅ አይቶ ሥጋ የሚታደል ስለመሰለው፣ ተጋፍቶ መሃል ገብቶ ነበር። የሚሰጠው መድኃኒት መሆኑን ሲሰማ፣ ለማይበላ ነገር ምን አሰለፋችሁ ብሎ እያጉረመረመ ወጣ። ማንም ተመለስ አላለውም። እንዲያውም ቦታ ስለለቀቀ ደስ አላቸው።

ከመከታ ኋላ ቀበሮ ከብዙ ልጆቿ ጋር ቆማለች። ዓይኗ ከቅሉ አይነቀልም፤ መድኃኒቱ እየጎደለ ነው። ለልጆቿ ሁሉ እንዳይደርስ ፈራችና ወደ መከታ ጆሮ ጠጋ አለች። የጃርት እሾህ የቡችላ ወገብ እንደሚሰብር፣ አምና የተወጋ አንድ ግልገል ሽባ ሆኖ እንደቀረ ነገረቻት። እንዲህ ዓይነት ግልገል አልነበረም። ግን ልክ በዚያች ሰዓት የአህያ ውርንጭላ ተወጋና ጮኸ፤ ቡሬም በእናቱ ሆድ ሥር ገባ።

«የቀረሽ አንድ ነው» አለች ቀበሮ፣ ድምፅዋን አለስልሳ። «እኔ ብሆን አላስነካውም።»

«አንቺስ ታዲያ ለምን ተሰለፍሽ?»

«እኔማ ብዙ አሉኝ። አንዱ ቢጎዳ ሌላው ይቀርልኛል።»

መከታ ከሰልፉ ወጣች። አህያ ተከትላ ለመነቻት፤ መከታ ግን ጭነት የለመደች ምን ታውቃለች ብላ በልቧ ናቀቻት። ቡሬ ከፊቷ እየቦረቀ ወደ ቤት ሲሄድ ስታየው፣ ከሞት ያዳነችው መሰላት።

አያ ጅቦ እንደራበው ወንዝ ወረደ። በዚያም አብዶ የሞተ ውሻ ወድቆ አገኘ። ሌሎች አውሬዎች በሩቁ እየዞሩ ያልፉት ነበር። እንዳይነካው ቢነግሩት፣ የሞተ አይናከስም ብሎ አጥንቱን ሳያስቀር ጨረሰው።

ክረምቱ ሲወጣ ጅቦ በጠራራ ፀሐይ እየተንገዳገደ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ ወደ መንደሩ መጣ። ቡሬ ደጅ ይጫወት ነበር። መከታ ዘልላ እስክትደርስ እግሩን ነክሶታል። ታግላ አባረረችው፤ እሷንም ነከሳት። ጅቦ ገደል ገብቶ ሞተ።

መከታ ግን ቡችላ ሳለች እናቷ አስከትባት ነበርና ምንም አልሆነችም። ያኔ አልቅሳ ነበር፤ ማልቀሷን እንጂ ሕመሙን አታስታውሰውም። የቡሬን ቁስል አጥባ ጃርትን ፍለጋ ሮጠች። ጃርት ግን ተሻግራለች። ቁስሉ ትንሽ ስለነበር ቶሎ ደረቀ፤ መከታም ልቧ እያወቀ ተስፋ አደረገች።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ቡሬ ጡት አልጠባም አለ። ከዚያ ብርሃን ጠላ። ውኃ ሲያይ ጉሮሮው ይተናነቀዋል። በመጨረሻም በእናቱ ላይ ማጉረምረም ጀመረ። ቡሬ ወጥቶ የሌላ እናት ልጅ እንዳይነክስባት፣ መከታ በሚኖሩበት ጉድጓድ አፍ ላይ ተጋደመች። ነከሳት፤ አልተነሣችም። ደግሞ ነከሳት፤ ዝም አለችው። ከመሞቱ በፊት ለአፍታ ያወቃት መሰለ፤ ጅራቱን አንድ ጊዜ ወዘወዘላት።

ጃርት የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነበር። መከታ አጠገቧ ቆመች።

«በዚያ ቀን ባስከትበው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

እውነቱን መናገር ጃርትን ከበዳት። ለሐዘንተኛ መዋሸት ደግሞ አልሆነላትም።

«ይተርፍ ነበር፣ ልጄ» አለቻት።

ያን ጊዜ መከታ ጮኸች። ጩኸቷ ከወንዝ ማዶ ተሰማ። ከለቀስተኞቹ አንዳንዶቹ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ተንሾካሾኩ፤ አህያ ግን ገሠጸቻቸውና መጥታ ጎኗን አስጠግታላት ቆመች።

ቀበሮም ለቅሶ ለመድረስ መጣች። የተከተቡት ልጆቿ ከኋላዋ ይላፋሉ። መሬት መሬት ታያለች። መድኃኒቱ እንዳይደርሳቸው ሰግቼ ነው የዋሸሁሽ አለች በመጨረሻ፤ እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

«አንቺ ለልጆችሽ ብለሽ ዋሸሽ» አለቻት መከታ። «እኔ ግን ልጄን በወሬ ለሞት ሰጠሁት።»

ከዚያ ፊቷን ወደ አፈሩ መለሰች።

ከዚህ የምንማረው፣ የልጁን የአፍታ ለቅሶ ፈርቶ፣ የሰው ወሬ ሰምቶ በጊዜው ያላስከተበ ወላጅ፣ ኋላ ማባበያ የሌለው ለቅሶ ራሱ እንደሚያለቅስ ነው።