የውሰት ልብ

አንድ የታወቁ አስታራቂ ሽማግሌ ነበሩ። ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ እሳቸው ፊት ሲቀርቡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ «እሳቸው ካሉ አለ ነው» ይባልላቸዋል። ታዲያ እኚህ ሰው ከዕለታት በአንዱ የልባቸው ምት ይዛባባቸው ጀመር።

ከተማ የምትኖር ልጃቸው ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ከስማርት ስልክ ጋር የምትሠራ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ሰጣቸው። ጠዋት ጠዋት ሁለቱን አውራ ጣቶቻቸውን ለግማሽ ደቂቃ ካሳረፉባት፣ ስልኩ የልባቸውን ምት መዝግቦ ከተማ ላለው ለዚሁ ሐኪም ይልካል። ልጅቷ ስትሰናበታቸው አንድ ነገር ጣል አደረገች።

«ምቱ ከተበላሸ አባዬ፣ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። እምቢ ማለት የለም።»

ሽማግሌው ይህን ፈሩ። ከተማ ገብቶ ሶፋ ላይ መጦር፣ ማንም «ይፍረዱን» የማይለው ሰው መሆን፣ ከሞት የባሰ መሰላቸው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ጠዋት ሚስታቸውን ወይዘሮ አትጠገብን ጠሩ። ዕድሜ ልካቸውን ራሴን እንኳ አመመኝ ብለው የማያውቁ ሴት ናቸው።

«ነይ እስቲ፣ ጣትሽን እዚህ ላይ አሳርፊ።»

«የተጠየቀው እኮ የእርስዎ ልብ ነው» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

«ባልና ሚስት አንድ አካል አይደለም እንዴ?»

ሴትዮዋ ሳቁና ጣታቸውን አሳረፉ። ሐኪሙም «የጎረምሳ ልብ ነው ያለዎት» ብሎ መልእክት ላከ። ሦስት ወር እንዲሁ አለፈ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ግን ሐኪሙ ራሱ ደወለ።

«አባቴ፣ የዛሬው ምት አደገኛ ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይግቡ። ይህ ልብ በድንገት ሊቆም ይችላል።»

ሽማግሌው ዘወር ብለው ሚስታቸውን አዩ። ጎመን እየቀነጠሱ ነበር። «ምን አለ?» ቢሏቸው፣ «ደህና ነው አለ» ብለው መለሱ።

ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሚስታቸውንም ይወዱ ነበር። ነገር ግን በማግስቱ ደም የተቃቡ ሁለት ቤተሰቦችን ሊያስታርቁና ሊያስምሉ ቀጠሮ ነበራቸው። ሚስታቸውን ዛሬ ቢወስዱ የሦስት ወሩ ውሸት ይወጣል። በውሸታም ሽማግሌ ፊት ማን ይምላል? «ነገ ዕርቁን ልጨርስና ከሰዓት እወስዳታለሁ» አሉ በልባቸው።

በማግስቱ ዕርቁ ሰመረ። የሟችና የገዳይ ወገኖች ተቃቅፈው ሲላቀሱ አንድ ጎረቤት እየሮጠ መጣ። ወይዘሮ አትጠገብ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው አልተነሡም።

ሐኪሙ «አባትሽ ለምን አልመጡም?» ብሎ ሲደውልላት ልጅቷ ቀብር ላይ ነበረች። የሽማግሌው ልብ ሊቆም ነው መባሉ በለቅሶው ቤት ተዳረሰ፤ ለቀስተኛውም «እሷ ቤዛ ሆነችላቸው» እያለ ደረቱን መታ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ «አንተን ደግሞ እንዳላጣ» ብላ ሰሌዳዋን ከፊታቸው አኖረች። ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛ ጣታቸውን አሳረፉ። ሐኪሙ ወዲያው ደወለ፤ ድምፁ ለልጅቷም ይሰማል።

«አባቴ፣ ይህ የሌላ ሰው ልብ ነው። የእርስዎን ይላኩልኝ።»

«የእኔ ይኸው ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ዓይናቸውን ሳያነሡ። ቀጥለውም ለልጃቸው «ያኛው የእናትሽ ነበር» አሏት።

ልጅቷ ከአጠገባቸው ተነሥታ ሄደች፤ ነገሩም በአገሩ ተሰማ። ሽማግሌውንም ከተማ የወሰዳቸው የለም። እዚያው ቤታቸው ቀሩ፤ «ይፍረዱን» ብሎ ደጃቸውን የሚረግጥ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ አልታየም።

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ሽማግሌው ይህን ተረት ለስንቱ ተርተውታል። ለክብራችን ስንል የደበቅነው ሕመም ግን መዘዙ አምኖ ጣቱን ላዋሰን ሰው ይተርፋል። ስልክ የሰጡትን ይናገራል እንጂ የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

እርስዎስ «ነገ እናገረዋለሁ» ብለው ያሳደሩት እውነት አለ? ካለ፣ ነገ የማይደርስለት ሰው ማን እንደሆነ ያስቡ።